ተሸንሽኖ የባከነው ቀን

ስለ ኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ቦይንግን በአደባባይ ለመጠየቅ ከተገኙት ዕድሎች ሁሉ ትልቁ ሁለት ቀን ነበር፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 እና 30 ቀን 2019። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዴኒስ ሙይለንበርግ ዋሽንግተን ውስጥ መጀመሪያ በሴኔቱ የንግድ ኮሚቴ፣ በማግስቱ በተወካዮች ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። አጠገባቸው የመንገደኛ አውሮፕላኖች ክፍል ዋና መሐንዲስ ጆን ሃሚልተን ተቀምጠዋል። ከኋላቸው የሟቾች ቤተሰቦች የልጆቻቸውን፣ የወንድሞቻቸውን፣ የእናቶቻቸውን ፎቶግራፍ ይዘው ነበር። ከፊታቸው ደግሞ የማስገደድ ሥልጣን ያላቸው፣ የኩባንያው ሰነድ እጃቸው የገባ እንደራሴዎች። ጠያቂም፣ ተጠያቂም፣ ማስረጃም፣ ተበዳይም በአንድ አዳራሽ ተገናኝተው ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ከዚያ ወዲህ አልመጣም፤ የሚመጣም አይመስለኝም። እንዴት እንደባከነ ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ያርራል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2019)፣ እሑድ ጠዋት በ2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ ከቦሌ የተነሣው 737 ማክስ ስድስት ደቂቃ ያህል በርሮ ቢሾፍቱ አቅራቢያ እርሻ ላይ ወደቀ። የ29 ዓመቱ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው፣ የ25 ዓመቱ ረዳት አብራሪ አህመድኑር መሐመድ፣ አብረዋቸው የነበሩት የበረራ ሠራተኞችና መንገደኞች፣ በጠቅላላው 157 ሰዎች አለቁ። በሳምንቱ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የኢትዮጵያውያኑ 17 የሬሳ ሣጥኖች ባንዲራ ለብሰው ሲቀበሩ ውስጣቸው ባዶ ነበር፤ ለቤተሰብ የተሰጠው ከአደጋው ቦታ የተዘገነ አፈር ነው። ከዚያ አምስት ወር ያህል ቀደም ብሎ የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ማክስ 189 ሰዎች ይዞ ባሕር ገብቷል። ሁለቱንም የደፋቸው ኤምካስ የተባለ አንድ ሶፍትዌር ነው። መረጃ የሚቀበለው ከአንዲት ዳሳሽ ብቻ ነበር፤ እሷ ስትሳሳት አብሮ እየተሳሳተ፣ አብራሪው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቀና ባደረገ ቁጥር መልሶ ወደ መሬት ይደፋዋል። ከመጀመሪያው አደጋ በፊት አብራሪዎች እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር።

ሊጠየቅ የሚገባው ታዲያ ግልጽ ነበር። ይህን ማን ወሰነ? ማን ተቃወመ? ተቃውሞው ማን ጠረጴዛ ላይ ቀረ? ላየን ኤር ከወደቀ በኋላስ አውሮፕላኑ ለምን አልቆመም? እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ጥያቄ አይወጣም። መልሱን ሰምቶ፣ ከመልሱ ውስጥ የጎደለውን ለይቶ፣ ያንኑ ጎዶሎ መልሶ መጠየቅ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ክር ይዞ፣ ሰዓት ሳይቆጥር።

የተወካዮች ምክር ቤት ደንብ ግን ለእያንዳንዱ የኮሚቴ አባል አምስት ደቂቃ ይሰጣል። የትራንስፖርት ኮሚቴው ከ60 በላይ አባላት ነበሩት። ብዙው ሰው ተራው ሲደርስ የሚያደርገው ተመሳሳይ ነው፤ የዚያን ቀን ብቻ ሳይሆን በየኮሚቴው፣ በየጉዳዩ። ረዳቶቹ የጻፉለትን ንግግር ያነባል። ሐዘኑን ይገልጻል፣ ቁጣውን ይገልጻል፣ ስለ ምርጫ ክልሉ ያወሳል። አራተኛው ደቂቃ ላይ መልሱን በሆዱ የያዘ ጥያቄ ይወረውራል። ምስክሩ አፉን ሲከፍት ‹‹አዎ ወይስ አይደለም?›› ይመጣል። ማብራራት ሲጀምር ‹‹ጊዜዬ እያለቀ ነው›› ይመጣል። ከዚያ ሊቀመንበሩ ወደ ሚቀጥለው ተናጋሪ ያልፋል፤ የሚቀጥለውም ከራሱ ወረቀት ሀ ብሎ ይጀምራል። በጎረቤቱ ጥያቄ የተከፈተው ቀዳዳ ተከፍቶ ይቀራል፤ ማንም አይገባበትም። ማታ ግን እያንዳንዱ ለመራጮቹ የሚልከው የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አለው።

ይበልጥ የሚያናድደኝ ምስክርን ማቋረጥ እንደ ድፍረት መቆጠሩ ነው። ከታች ሆኖ የሚመለከተው ሰው ‹‹አፋጠጠው›› ይላል። ማፋጠጥ ግን እሱ አይደለም። መናገር የማይፈልግን ሰው ከማቋረጥ የበለጠ ውለታ የለም። የኩባንያ ኃላፊ በጠበቆች ተለማምዶ ነው የሚመጣው፤ አምስት ደቂቃን በሐዘን መግለጫና ‹‹ደኅንነት ለእኛ ከሁሉ ይቀድማል›› በሚል ቃል መሙላት ይችልበታል። እሱን የሚያስጨንቀው ዝምታ ነው። ጥያቄው ተጠይቆ፣ ጠያቂው እጁን አጣጥፎ፣ አዳራሹ ጸጥ ብሎ፣ መልሱ እስኪያልቅ የሚጠብቅ ሰው ሲያጋጥመው ነው ላብ የሚያጠምቀው። ሲጮኹበት ያርፋል። አንገቱን ደፍቶ ቢቆይ ሰዓቱ እንደሚያድነው ያውቃል።

ከሁሉ የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። ሴናተር ቴድ ክሩዝ በመጀመሪያው ቀን ያነሡት ጉዳይ ነው። የማክስ ዋና የቴክኒክ አብራሪ የነበረው ሰው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2016 ለባልደረባው የላከው የጽሑፍ መልእክት ነበር። ኤምካስ በምስለ በረራ ማሽኑ ላይ ከቁጥጥር ውጭ ሲሆን ማየቱን ይናገራል፤ ለተቆጣጣሪዎችም ሳያውቅ እንደ ዋሸ ይጽፋል። ቦይንግ ይህን መልእክት ለፍትሕ ሚኒስቴር የሰጠው በፌብሩዋሪ 2019 ነው። የእኛ አውሮፕላን የወደቀው በማርች ነው። የአቪዬሽን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ግን መልእክቱን ያገኘው በኦክቶበር፣ ያ ስብሰባ ሊደረግ ቀናት ሲቀሩት ነው።

ክሩዝ ይህን ጠየቁ፤ ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። ሙይለንበርግም እንዲህ ያለ ሰነድ መኖሩን ከሁለተኛው አደጋ በፊት መስማታቸውን፣ ዝርዝሩን ግን ያዩት በቅርቡ መሆኑን፣ ነገሩን ለሕግ አማካሪዎች እንደተዉት ተናገሩ።

ከሁለተኛው አደጋ በፊት! ሁለተኛው አደጋ የእኛው ነው። የኩባንያው ቁንጮ ያሬድ ከቦሌ ከመነሣቱ በፊት ወሬው ጆሯቸው ደርሶ እንደነበር በራሳቸው አፍ ተናገሩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ማን ነገረዎት? በየትኛው ቀን? በቃል ነው በጽሑፍ? ምን ብሎ ነገረዎት? ክፍሉ ውስጥ እነማን ነበሩ? ለፍትሕ ሚኒስቴር ይሰጥ፣ ለተቆጣጣሪው ግን አይሰጥ ያለው ማን ነው? በዚያን ሰሞን አውሮፕላኑን ስለማቆም የተወያየ ሰው ነበር? አንድ ሰዓት ሙሉ የሚያስጠይቅ ጉዳይ ነው። የክሩዝ ቁጣ ግን ከጥያቄው በላይ ገነነ፤ በየዜናው የተላለፈውም ሴናተሩ ‹‹እንዴት አላነበቡትም›› እያሉ ሲጮኹ የሚያሳየው ክፍል ነው። ቁጣቸው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ አልጠራጠርም። ግን ደቂቃቸው አለቀ፤ ሌላው ሴናተር በሌላ ወረቀት ቀጠለ። እነዚያ ሳምንታት፣ ከፌብሩዋሪ እስከ ማርች 10 ያሉት፣ ለእኛ የሞትና የሕይወት ሳምንታት ነበሩ።

በማግስቱ ደግሞ የደመወዝ ነገር መጣ። የቴነሲው እንደራሴ ስቲቭ ኮኸንን ጨምሮ በርካታ አባላት ከደቂቃቸው ብዙውን በሙይለንበርግ ክፍያ ላይ አዋሉት። እ.ኤ.አ. በ2018 የተመዘገበላቸው ክፍያ ከ23 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበርና ጥያቄው ከሕዝብ ስሜት ጋር የሚሄድ ነው፤ የቤተሰቦቹም ልብ የሚለው ነው። ገንዘቡን ይመልሳሉ ወይ? ይተዉታል ወይ? አዎ ይበሉ፣ አይ ይበሉ። መልሱም እየተቆራረጠ፣ ያ የኩባንያው ቦርድ ጉዳይ ነው፣ እኔን የሚያሳስበኝ ገንዘብ አይደለም የሚል ሆነ። ትርፉስ? ከቀናት በኋላ ሙይለንበርግ የዓመቱን ጉርሻ እንደሚተዉ ተነገረ። በዲሴምበር ከሥልጣን ሲነሡ ደግሞ በአክሲዮንና በጡረታ 62 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይዘው ወጡ። ያ ሁሉ ጩኸት አንድ ጉርሻ አስቀረ።

አጠገባቸው የተቀመጡት ዋና መሐንዲስ ግን ስለ ዳሳሿ ከሥራ አስፈጻሚው የተሻለ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ኮሚቴው በእጁ የያዘው ሰነድ ተራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የቦይንግ ሠራተኛ ኤምካስ በአንዲት ዳሳሽ ብልሽት ሊጋለጥ አይችልም ወይ ብሎ የጻፈው ኢሜይል ነበር። አብራሪው ምላሽ ለመስጠት ከ10 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ውጤቱ እልቂት እንደሚሆን የሚናገር የኩባንያው የራሱ ጽሑፍ ነበር። የፋብሪካው ሥራ ኃላፊ የነበረ ሰው ማምረቻው እንዲቆም የለመነበት ደብዳቤም በዚያ ቀን ተነብቧል። ከእነዚህ እያንዳንዳቸው አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ የሚያስጠይቁ ነበሩ። ለዚያ የ2015 ኢሜይል ማን መለሰ? መልሱ የት ተቀመጠ? መሐንዲሱን ብቻቸውን ይዞ ከመስመር ወደ መስመር የሚወርድ ጠያቂ ቢኖር ኖሮ! ሰነዱ ወጣ፣ ተነበበ፣ ካሜራ ቀረጸው፤ ከዚያ ወደ ሌላ ርእስ ታለፈ።

አምስት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በጁን 2024፣ የሙይለንበርግን ወንበር የወረሱት ዴቪድ ካልሁን በሴኔቱ የምርመራ ንዑስ ኮሚቴ ፊት ተቀመጡ። ቤተሰቦቹ ያንኑ ፎቶግራፍ ይዘው ከኋላ ቆሙ። ሴናተር ጆሽ ሃውሊ 32.8 ሚሊዮን ዶላር ደመወዛቸውን እየጠሩ ለምን አይለቁም ብለው ጮኹባቸው። ያው ጥያቄ፣ ያው ጩኸት፣ ያው ትርፍ። በዚያው ስብሰባ ግን ካልሁን ጥፋት የጠቆሙ ሠራተኞች የበቀል እርምጃ እንደሚደርስባቸው፣ ቁጥሩን ባያውቁትም እንደሚያጋጥም አምነዋል። ስለዚያ የእምነት ቃል ሳይሆን ስለ ደመወዙ ጭቅጭቅ ነው በየመንደሩ የተወራው።

እኛን በቀጥታ የነካውን ሳላነሣ አላልፍም። በሜይ 2019 በተደረገው የመጀመሪያው የተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባ ላይ የሚዙሪው ሳም ግሬቭስ፣ በኮሚቴው የሪፐብሊካኖቹ መሪ፣ ራሳቸውም አብራሪ፣ አሜሪካ ውስጥ የሠለጠኑ አብራሪዎች ቢሆኑ ችግሩን ይወጡት ነበር የሚል ንግግር አደረጉ። የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጀመሪያ ሪፖርት አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን ሥርዓት ደጋግመው መፈጸማቸውን ከገለጸ ገና አንድ ወር ተኩል አልሞላም። በዚያ ቀን የምስክሮቹን ወንበር የያዙት የአሜሪካ የአቪዬሽንና የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤቶች ሰዎች ነበሩ፤ አንድ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ያሬድ ደግሞ ሞቷል። መልስ የሚሰጥለት በሌለበት ሙያው ተዘለፈ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እኮ ከዚያ አዳራሽ ብዙ በማይርቀው በደለስ ያርፋል፤ ሥልጠናቸው የተጠረጠረው አብራሪዎች አሜሪካውያንን ጭነው ውቅያኖስ ያሻግራሉ።

በጁን 2019 ያው ኮሚቴ ቼስሊ ሳለንበርገርን ጠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 አውሮፕላናቸውን ሃድሰን ወንዝ ላይ ያሳረፉት ካፒቴን ናቸው። አሜሪካዊ ጀግና ስለሆኑ ነው መሰል ማንም ቃላቸውን ከአፋቸው አልነጠቀም። ያንኑ በረራ በምስለ በረራ ማሽን እንደሞከሩት፣ ምን እንደሚመጣ አስቀድመው እያወቁም አብራሪዎቹ ጊዜና ከፍታ እንዴት ሊያልቅባቸው እንደሚችል እንደገባቸው ተናገሩ። ምስክር ሲሰማ የሚገኘው ይኸ ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የግሬቭስን ክስ መሠረቱን ናዱት።

የአገራችን ሰው የሙግትን ትርኢት ያውቃል። በላ ልበልሃ ባለበት ዘመን ተሟጋች ነጠላውን አጣፍቶ፣ በዱላው መሬት እየመታ፣ ቃሉን እያሳመረ ነበር ዳኛ ፊት የሚቆመው። ሕዝቡም ዛፍ ሥር ከቦ ያደምጣል፣ ያደንቃል። ታይታ ነበረው። ነገር ግን ‹‹ተጠየቅ›› ያለ ሰው ‹‹እጠየቃለሁ›› ያለውን አፍ አይዘጋም፤ መልሱን ይጠብቃል፤ የመልሱን ቀዳዳ ይዞ ነው የሚቀጥለው። መልስ ሳይሰማ የሚጠይቅ ቢኖር እዚያው ይረታ ነበር። የዋሽንግተን እንደራሴዎች ታይታውን ያዙ፣ ሙግቱን ጣሉት።

ሌላ መንገድ አልነበረም ማለት አይቻልም። የምክር ቤቱ ደንብ ራሱ አንድ ኮሚቴ ከፈለገ ለተመረጡ አባላት ወይም ለኮሚቴው ጠበቆች በአንድ ምስክር ላይ እስከ አንድ ሰዓት የሚደርስ፣ ለሁለቱ ፓርቲዎች እኩል የሚከፈል የጥያቄ ጊዜ መስጠት ይፈቅድለታል። ሙይለንበርግ እዚያ ከተጠየቁ በሁለት ሳምንቱ፣ ኖቬምበር 13፣ በዚያው ምክር ቤት ዶናልድ ትራምፕን ከሥልጣን የማንሣት ምርመራ በአደባባይ መሰማት ሲጀምር ለእያንዳንዱ ወገን 45 ደቂቃ ተሰጠ፤ ጥያቄውንም በአብዛኛው ዳንኤል ጎልድማንን የመሰሉ ልምድ ያላቸው ጠበቆች ይዘውት ከምስክሮቹ ጋር እርጋታ ባለው መንገድ ሄዱ። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1933፣ ፈርዲናንድ ፔኮራ የተባለ አንድ ጠበቃ የሴኔቱን የባንክ ኮሚቴ ወክሎ የዘመኑን ባለጸጋ ጄ.ፒ. ሞርጋንን ለ1931 እና ለ1932 የገቢ ግብር አለመክፈላቸውን አሳመናቸው። ከዚያ ምርመራ የአክሲዮን ገበያን የሚገዙ ሕጎች ወጡ፤ በ1934 ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። መንገዱን ያውቁታል ማለት ነው። በፖለቲካ ለሚፈላለጉት ሰው ሲሆን 45 ደቂቃ ይገኛል፤ ለ346 ነፍስ ሲሆን አምስት።

የኮሚቴውን ሠራተኞች አላማም። ሊቀመንበሩ ፒተር ዲፋዚዮ የመሩት ቡድን አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሰነድ ሲያገላብጥ፣ በዝግ በር ሰው ሲጠይቅ ቆይቶ በሴፕቴምበር 2020 ከ200 ገጽ በላይ የሆነ ሪፖርት አወጣ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከላየን ኤር አደጋ በኋላ፣ በዲሴምበር 2018፣ ሶፍትዌሩ ካልተስተካከለ በማክስ ዕድሜ ውስጥ ወደ 15 የሚሆኑ አሰቃቂ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ በራሱ ትንተና ገምቶ እንደነበር ያወጡት እነሱ ናቸው። በዓመቱ መጨረሻ የአውሮፕላን ፈቃድ አሰጣጥን የሚያጠብቅ ሕግም ወጣ። ካሜራ በሌለበት፣ ጠያቂውም የሚታይበት ነገር በሌለበት ክፍል ውስጥ እውነት ተገኘ። ይህንን እያየሁ ነው ይበልጥ የሚከነክነኝ፤ የማንበብም የመጠየቅም ችሎታ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነበረና። ሥራ አስፈጻሚውና መሐንዲሱ ፊት ለፊት በተቀመጡበት ቀን ወንበሩ ለእነዚያ ሰዎች አልተሰጠም።

ለካሜራ የቆሙት ምናልባት ‹‹ፍርድ ቤት አለ፣ እዚያ ይጣራል›› ብለው ይሆናል። ፍርድ ቤቱን አየነው። በጃኑዋሪ 2021 የፍትሕ ሚኒስቴር ከቦይንግ ጋር የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈራረመ፤ ቤተሰቦቹ ሳይጠየቁ። አብዛኛው ገንዘብ ለአየር መንገዶች ካሣ የተመደበ ነው። በኖቬምበር 2021 ቦይንግ በፍትሐ ብሔሩ ክስ ለበረራ 302 ኃላፊነቱን ሲቀበል፣ ያሬድና አህመድኑር ጥፋተኛ አለመሆናቸው በወረቀት ሰፈረ፤ ያ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ግን በዚያው ስምምነት ማን ምን አደረገ የሚለው ክርክር ተዘግቶ ጉዳዩ የካሣ መጠን ብቻ ሆነ። ለወንጀል ፍርድ የቀረበው ሰው የዚያ መልእክት ጸሐፊ ብቻ ነበር፤ በማርች 2022 የቴክሳስ ጁሪ ነጻ አለው። በኖቬምበር 2025 ደግሞ ዳኛ ሪድ ኦኮነር የመንግሥትን አካሄድ እንደማይደግፉ ገልጸው፣ ማስገደድ ግን ሥልጣናቸው እንዳልሆነ ተናግረው በቦይንግ ላይ የቀረበውን የወንጀል ክስ ዘጉት። ከላይ የነበሩት ሰዎች በወንጀል ችሎት በመስቀለኛ ጥያቄ ፊት አንድ ቀን እንኳ ሳይቀመጡ።

ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ይባላል። በፌብሩዋሪ 2019 ያ መልእክት ለፍትሕ ሚኒስቴር ሲሄድ፣ የአውሮፕላን ደኅንነት የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት እንዳያየው የወሰነው ማን እንደሆነ ሊጠየቅ የሚችለው ሰው ከክሩዝ ፊት ለፊት፣ ማይክራፎን ከፊቱ፣ ውሃ ከጎኑ፣ ተቀምጦ ነበር። ጥያቄው በዚያ ቀን ተጀምሮ አልተጨረሰም።